የቀለለችው ጥይት

አባቴ ጥይት መሥራት የጀመሩት ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። ጥይት መሥራት ስል ሰው ሌላ ነገር እንዳይመስለው ልግለጽ። ከአጎታቸው ከነፈቃዷ የወረሷት አንዲት አሮጌ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ነበረቻቸው። አፏ ጠባብ ነው፤ የትንሽ ጣት ጫፍ እንኳ አያስገባም። ለእሷ የሚሆን ጥይት ከገበያ ከጠፋ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ስለዚህ አባቴ የተተኮሰውን ቀለህ ይሰበስባሉ፣ ያጸዳሉ፣ እንደገና ባሩድ ይሞላሉ፣ ከላይ የሚገጠመውን አረር ደግሞ ከእርሳስ አቅልጠው ይሠራሉ። ይህ ሁሉ በዓመት አንድ ቀን ጠዋት ለሚተኮሱ ስድስት ጥይቶች ነበር።

አንድ ጊዜ ለምን እንደሚተኩሱ ጠይቄያቸዋለሁ።

«መሣሪያ ዓመት ሙሉ ዝም ካለ ይበላሻል» አሉኝ።

ሌላ ምክንያት አልሰጡኝም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅኩም።

እኔ ድራጊስት ነኝ። ሸዋ ሮቢት ዋናው መንገድ ላይ፣ የደሴ መኪኖች ለምሳ ከሚቆሙበት ትንሽ አለፍ ብሎ፣ መድኃኒት ቤት አለኝ። ከባሌ ስንለያይ ወደ አባቴ ቤት ተመለስኩ። እናቴ ከዚያ በፊት አርፋ ስለነበር ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የአንድ እርሻ ድርጅት ንብረት ክፍል ኃላፊ ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው። ዕቃ ከቦታው ሲጎድል ሳይነግሯቸው ያውቃሉ። የጓሮው በረንዳ ላይ፣ ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር፣ አንድ የእንጨት ጠረጴዛ አላቸው። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ የሰው እጅ እንዲያርፍ አይወዱም።

አረሩን በልኩ የማድረጉን ሥራ ያስተማሯቸው አንድ የብር አንጥረኛ ናቸው። ትውልዳቸው አሊዩ አምባ ነው፤ ሱቃቸው ግን እኛው ከተማ ገበያው ዳር ነው። ከአባቴ ጋር በወጣትነታቸው ተዋውቀው እስካሁን «አንተ» እየተባባሉ አሉ። አንጥረኛው ከአባታቸው የወረሱት አንድ ጠፍጣፋ ብረት አላቸው። ብረቱ ከሰፊ ወደ ጠባብ የተደረደሩ ቀዳዳዎች አሉት። ብሩን በሰፊው ቀዳዳ ጀምረው፣ በየተራ በጠባቡ እየሳቡ፣ እስከ ስፌት ክር ድረስ ያቀጥኑታል። ለአባቴ ብለው ከብረቱ ጠርዝ ላይ አንድ አዲስ ቀዳዳ በሱ። ቀዳዳው ከሽጉጧ አፍ ጋር አንድ ልክ ነው። ያን ብረት ለአባቴ ሰጥተው ለራሳቸው ሌላ አስመጡ።

ቀልጦ ከሚቀዳበት ቅርጽ የሚወጣው እርሳስ ሁልጊዜ ትንሽ ይወፍራል። አባቴ ሰም ይቀቡትና በቀዳዳው ላይ ያስቀምጡታል፤ ከዚያ በአጭር ዘንግና በእንጨት መዶሻ ቀስ አድርገው ይገፉታል። ወደ ታች ሲወጣ ወገቡ ላይ የሚያበራ ቀለበት ይዞ ይወርዳል። ከወፈረ የሽጉጧን አፍ ያጨናንቃል፤ ከቀጠነ ይንቀጠቀጥና ወዳልታሰበበት ይሄዳል።

«ልክ ማለት» ይሉኝ ነበር አባቴ፣ «እምቢ ሳይል፣ ግን ሳይወድ የሚያልፍ ነው።»

ይህን ሲሉ ደስ ይላቸዋል። እኔ ደግሞ ቡና የሚያፈላ ሰው እንደሚመለከት ጎረቤት አጠገባቸው ቆሜ አያለሁ እንጂ አልነካም።

የተኩሱ ቀን የራሱ ሥርዓት ነበረው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ዝናብ ሲጠፋ የሚደርቅ የወንዝ አሸዋ አለ። አንዱ ዳር ገደል ስለሆነ ጥይቱ የትም አይሄድም። ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን ብዙ ነገር ስለደረሰ፣ ሰው የተኩስ ድምፅ ሲሰማ በር ይዘጋል፣ ልጆቹን ይሰበስባል። ስለዚህ አባቴ ከዋዜማው ለቀበሌው የሚሊሻ አዛዥ ይደውሉለታል።

«ነገ ጠዋት ስድስት ጊዜ ትሰማላችሁ። እኔ ነኝ። ሰው እንዳይደነግጥ ንገርልኝ።»

«እሺ ጋሼ፣ እናስታውቃለን» ይላል አዛዡ። በእርግጥም ያስታውቃል፤ በየዓመቱ ጠዋት ሱቄ የሚመጣ ሰው «ዛሬ የጋሼ ስድስት ነው አይደል?» ይለኛል።

አባቴ ዓይናቸው እየደከመ መሆኑን ያወቅኩት በሻይ ብርጭቆ ነው። ሲቀዱ የሌባ ጣታቸውን ጫፍ ከጠርዙ ውስጥ ያስገባሉ፤ ሻዩ ጣታቸውን ሲነካ ያቆማሉ። ከዚያ ሌላውን ሁሉ ማየት ጀመርኩ። ሰላምታ የሚመልሱት ድምፅ ሲሰሙ ብቻ ሆነ። ድሮ ሐኪሞች የጻፉትን የማይነበብ ወረቀት ሳመጣላቸው ነጥቀው ነበር የሚያነቡልኝ፤ አሁን «መነጽሬን ረስቻለሁ» ይላሉ፤ መነጽሩ ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሎ። የዓይን ሞራ መሆኑን ለማወቅ የኔ ሙያ ይበቃል። ቀኝ ዓይናቸው ውስጥ ያለው ነጭ ነገር ፀሐይ ሲመታው ይታያል።

«አባዬ፣ ደብረ ብርሃን ሄደን ለምን አንታይም?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ማን ነው የታመመው?» አሉኝ።

ነገሩ እዚያ ላይ ቆመ።

ጠረጴዛቸውን ግን አልተዉም። እርሳሱን በእጃቸው እየዳሰሱ በቀዳዳው ያሳልፋሉ፣ ባሩዱን በትንሽ ማንኪያ ይሰፍራሉ፣ ማንኪያውን በአውራ ጣታቸው ያስተካክላሉ። እጃቸው የለመደው ነው። ቢሆንም ባሩድ በእጅ ብቻ የሚሠራ ነገር አይደለም፤ ቀለህ ውስጥ መግባቱን ማየት ያስፈልጋል። አንዱን ሞልቼዋለሁ ብሎ ባዶውን መክደን ቀላል ነው።

መድኃኒት ቤቴ ውስጥ፣ ድሮ ቅባት በእጃችን እናዘጋጅ በነበረ ጊዜ የምንጠቀምበት የነሐስ ሚዛን አለ። አሁን ሁሉም ነገር ታሽጎ ስለሚመጣ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ነው። ዓይናቸው መድከሙን ባወቅኩበት ዓመት፣ ከተኩሱ ቀን አስቀድሞ፣ አባቴ ከምሳ በኋላ በሙቀቱ ሲተኙ፣ ያለቁትን ስድስት ጥይቶች የሚያስቀምጡባትን የብስኩት ቆርቆሮ ይዤ ወደ ሱቄ ሄድኩና እርስ በርሳቸው መዘንኳቸው። ተቀራራቢ ነበሩ። መለስኳቸው። በተከታዩ ዓመትም እንደዚሁ። ሦስተኛው ዓመት ላይ አንዷ ቀለለች።

ብዙ አልነበረም። አምስቱን በየተራ በአንዱ ወገን፣ እሷን በሌላው ወገን ሳስቀምጥ፣ የእሷ ሳህን ሁልጊዜ ከፍ ይላል። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። ከዚያ ሚዛኑን ፊት ለፊቴ አድርጌ ለራሴ ምክንያት ፈለግኩላት። እርሳሱ ሲቀዳ አየር ይዞ ይሆናል። ቀለሁ ከሌሎቹ የሳሳ ይሆናል። ሰሙ አንሶ ይሆናል። እነዚህ ሁሉ ሊሆኑ የሚችሉ ነገሮች ናቸው። ሌላም ሊሆን የሚችል ነገር ነበር፤ እሱን ግን ለመናገር አባቴን «አያዩም» ማለት ነበረብኝ። ደግሞም ጥይቶቹን ያለ ፈቃዳቸው መውሰዴን መናገር ነበረብኝ።

ከመደርደሪያዬ ላይ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ያለበት ጠርሙስ ቢኖር ለማንም አልሸጥም ነበር። ጥይቷን ግን ከአምስቱ ጋር ቀላቅዬ ወደ ቆርቆሮዋ መለስኩ። ምልክት እንኳ አላደረግኩባትም።

የዚያን ዓመት ተኩስ ጠዋት ሱቄን ዘግቼ አብሬያቸው ሄድኩ። ድሮ አልሄድም ነበር፤ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ውኃና ጃንጥላ ልያዝ ብዬ እከተላለሁ። አንጥረኛውን ከሱቃቸው በር ላይ አንስተን ሦስታችን በአንድ ባጃጅ ተሳፈርን። አንጥረኛው በበኩላቸው ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል። መንገዱን ሙሉ አባቴ ስለ ዘንድሮ ሽንኩርት ዋጋ ይጮሁላቸዋል፣ እሳቸው «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ይመልሳሉ። ባለ ባጃጁ እየሳቀ ይነዳል።

ከመንገዱ ወርደን በማሾ ማሳ ዳር ወደ አሸዋው ሄድን። ገና ጠዋት ነው፤ ሙቀቱ ግን ጀምሯል። አንጥረኛው እንደ ልማዳቸው አንድ የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ጀሪካን ገደሉ ሥር አቆሙ። አባቴ ጀሪካኑን እንደማያዩት አውቃለሁ። እሳቸውም ማወቄን ያውቃሉ። አንጥረኛው «ትንሽ ወደ ግራ» ሲሏቸው እጃቸውን ወደ ግራ አደረጉ።

የመጀመሪያው ጮኸ። አሸዋው ብን አለ። ሁለተኛውም ጮኸ፤ ጀሪካኑን ሳተው እንጂ ድምፁ እንደሚገባው ነበር። ሦስተኛው ግን አልጮኸም። በረጅሙ የተነፈሰ ሰው አፍ የሚመስል «ጵፍ» የሚል ነገር ብቻ ተሰማ። ከገደሉ ሥር ምንም አልተነሣም።

አንጥረኛው ምንም አልሰሙም፤ የተተኮሰም አልመሰላቸው። «ቀጥል እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አሉ።

አባቴ አራተኛውን ለመተኮስ አውራ ጣታቸውን ከሽጉጧ ኋላ ወዳለው መምቻ አነሡ።

እኔ የዚያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ አላውቅም። ጃንጥላውን ጥዬ የቀኝ እጃቸውን አንጓ ያዝኩ።

«አባዬ አይተኩሱ! አልወጣም!»

«ልቀቂኝ።»

«ውስጥ ቀርቷል። አልወጣም፣ አባዬ።»

«ልቀቂኝ አልኩሽ!» አሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ ጮኸውብኝ አያውቁም። እኔ ግን አልለቀቅኩም። አፏን ወደ አሸዋው እንደያዙ ተያይዘን ቆየን። ከዚያ እሳቸው ቀድመው እጃቸውን ዘና አደረጉ።

የሚዞረውን ከበሮ ከፍተው ያልተተኮሱትን አወጡና ኪሳቸው ከተቱ። እኔ ከማሳው ዳር አንድ ቀጭን የሣር አገዳ ቆርጬ በሽጉጧ አፍ አስገባሁ። ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። አገዳውን አባቴ ተቀብለው ራሳቸው ሞከሩት። ቆመ። ጥፍራቸውን አፏ ዘንድ አገዳው ላይ አድርገው፣ አውጥተው፣ ርዝመቱን በጣታቸው ለኩት። አረሩ መሐል ላይ ተሰክቷል። በላዩ ላይ አራተኛው ቢመጣ ኖሮ ሽጉጧ እጃቸው ላይ ትፈነዳ ነበር።

አንጥረኛው ሁኔታችንን አይተው ቀረቡና አገዳውን አዩ። «ሱብሐነላህ» አሉ፤ ከዚያ አሸዋው ላይ ቁጭ አሉ።

ስልክ ጠራ። የአባቴ ስልክ ነው። የሚሊሻው አዛዥ ነበር። ድምፁ ለኔም ይሰማኛል።

«ጋሼ፣ ሁለት ብቻ ነው የሰማነው። ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው» አሉ አባቴ። «ዘንድሮ ሁለት ነው።»

ስልኩን ዘጉ። ያኔ ነው የተናገርኩት። ለምን ያን ሰዓት እንደመረጥኩ አላውቅም። ምናልባት ሌላ ቀን ድፍረቱ እንደማይኖረኝ ስላወቅኩ ይሆናል።

«አባዬ፣ አንዷ ቀላል ነበረች። መዝኛቸው ነበር።»

ቁጣ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዙረው ረጋ ብለው ተናገሩ።

«እንደመዘንሽማ አውቃለሁ። ከሦስት ዓመት ጀምሮ ትመዝኛለሽ። የቆርቆሮዋን ክዳን አጥብቀሽ ነው የምትዘጊው፤ እኔ አላጠብቅም።»

ጃንጥላውን ከአሸዋው ላይ አነሣሁ።

«ዘንድሮም ጠብቆ አገኘሁት» አሉ። «መዝና ከመለሰችው ደህና ነው ብዬ ነው ይዤው የመጣሁት።»

«ምን አለች?» አሉ አንጥረኛው ከተቀመጡበት።

«መዝኛለሁ ነው የምትል!» ብለው አባቴ ጮኹላቸው።

«እ?»

«መዝኛለሁ! አንዷ ቀልላለች ነው የምትል! አውቄ ነው የመለስኳት ነው የምትል!»

ገደሉ ቃሉን ጠብቆ መለሰው። አንጥረኛው ይህን ጊዜ ሰሙ። እኔን አዩ፣ አባቴን አዩ፣ ከዚያ አሸዋውን በእጃቸው ዘገኑና መልሰው አፈሰሱት።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት በቤታችን ውስጥ ኩርፊያ ነበር ማለት አልችልም። አባቴ ያቀረብኩትን ይበላሉ፤ «እግዜር ይስጥሽ» ይላሉ፤ ጠዋት «እንዴት አደርሽ» ይላሉ። ከዚያ ያለፈ ቃል ግን የለም። በረንዳው ላይ ወንበራቸውን ከጠረጴዛው አዙረው ወደ ግድግዳው ይቀመጣሉ። ሽጉጧን አንጥረኛው ወስደው የተሰካውን አረር በነሐስ ዘንግ አውጥተው መለሱ። አረሩን ይዘው መጥተው ነበር፤ አባቴ ተቀብለው ዳሰሱትና ለኔ ሰጡኝ። «ልኩ ትክክል ነው» አሉ። እውነት ነበር። አረሩ ላይ ምንም ጥፋት አልነበረም፤ የጎደለው ባሩዱ ነው።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ፣ ረፋዱ ላይ፣ አባቴ ብቻቸውን በባጃጅ ሱቄ መጡ። አንዲት ሴት ለልጇ የሳል ሽሮፕ ትገዛ ነበር፤ ከኋላዋ ደግሞ አንድ የአይሱዙ ሾፌር ለራስ ምታት ቆሟል። አባቴ ወረፋ ያዙ። ሾፌሩ «ይቅደሙ ጋሼ» ቢላቸው «ተራዬ አይደለም» አሉት። ተራቸው ሲደርስ ባንኮኒው ላይ እጃቸውን አሳረፉ።

«የዓይን ሞራ የሚያወጣ ሐኪም የት ነው ያለው?» አሉኝ፣ እንደማንኛውም ደንበኛ።

እኔም እንደ ደንበኛ መለስኩላቸው። ደብረ ብርሃን መሆኑን፣ መጀመሪያ ለምርመራ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ለቀዶ ጥገናው ሌላ ጊዜ መሄድ እንደሚያስፈልግ፣ ጠብታው ለስንት ጊዜ እንደሚደረግ ነገርኳቸው። እያዳመጡ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የሚያደርሰኝ ሰው ያስፈልጋል?»

«ያስፈልጋል።»

«አንቺ ጊዜ አለሽ?»

«አለኝ» አልኩ።

ቀኝ ዓይናቸው ተሠራ። ደብረ ብርሃን ብርዱ ሌላ ነው፤ የቆላ ሰው ናቸውና ከቀዶ ጥገናው ይልቅ ያማረሩት ብርዱን ነበር። ፋሻው በተፈታ ጊዜ መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው።

«አርጅተሻል» አሉኝ።

ነርሷ አፏን ይዛ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

ቤት እንደገባን ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ወደ በረንዳው ሄዱ። ከጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ በልኩ ያደረጓቸውና ገና ያልተገጠሙ አረሮች ነበሩ። አንድ በአንድ እያነሡ ወደ ብርሃን ያዙ። አንዳንዱ ወደ ጎን ተዛንፏል፣ አንዳንዱ ተቧጥጧል፣ አንዱ እንዲያውም አፍንጫው ተጣሟል።

«ይሄን ሁሉ የሠራሁት እኔ ነኝ?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት።»

«ሦስት ዓመት እንዲህ ስሠራ አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

የእርሳሱን ማቅለጫ አውጥተው ምድጃው ላይ ጣዱ። ሁሉንም አቀለጡት። ቀዝቅዞ አንድ ግራጫ እብጠት ሲሆን መስኮቱ ደፍ ላይ አኖሩት። አዲስ አረር ለመቅዳት ግን ቅርጹን አላወጡም።

በሚቀጥለው ዓመት ጊዜው ሲደርስ ስድስቱን በወጉ ሊሠሩ አሰቡ። ባሩዱን እኔ እንድሰፍር፣ እሳቸው ሌላውን እንዲሠሩ ተስማማን። ለአንጥረኛው ለመንገር አብረን ሱቃቸው ሄድን። አንጥረኛው አንድ የአንገት ጌጥ ሲያጸዱ ነበር። ዓይናቸውን ከጌጡ ላይ ሳያነሡ መለሱ።

«እኔ አልመጣም። ያን ቀን ድምፁ መቅረቱን አልሰማሁም። ቀጥል ያልኩህ እኔ ነኝ። ያንተ ዓይን ተሠራ፣ ደስ ይበልህ። የኔን ጆሮ ማን ይሠራዋል?»

«አንተ ባትሰማ እሷ ትሰማለች» አሉ አባቴ ጮክ ብለው።

«እሷ ትስማ። እኔ ግን ወላሂ፣ ያን ቀን ከመጣሁ ጀምሮ እንቅልፌን አልተኛሁም።»

አባቴ ብዙም አላስጨነቋቸውም። ትንሽ ተቀምጠው፣ ስለ ልጆቻቸው ጠይቀው፣ ተነሡ። በሳምንቱ ሽጉጧን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ፈቃዷን ይዘው፣ እኔን አስከትለው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። የተቀበለን ፖሊስ ወጣት ነው። ገልብጦ አያት፣ ቁጥሯን አነበበ።

«ትሠራለች?» አለ።

«ትሠራለች።»

«ታዲያ ለምን ይመልሷታል? ፈቃድዎ እኮ ደህና ነው።»

«አብሮኝ የሚተኩስ ሰው ተወ» አሉት።

ፖሊሱ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ግራ ገባው። ብዕሩን አንሥቶ ቆየና «በራሳቸው ፈቃድ» ብሎ ጻፈ። ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡት፤ እያንዳንዱን ፊደል፤ ከዚያ አጥፈው ኪሳቸው አደረጉ።

ስንመለስ ባጃጅ አልፈለጉም። በዋናው መንገድ ዳር፣ በሱቆቹ ጥላ ሥር ቀስ እያልን ሄድን። ቃሪያ የጫኑ አህዮች ገጠሙንና ቆመን አሳለፍናቸው።

«እኔም መናገር ነበረብኝ» አሉ ድንገት። «እንደምትመዝኚ ማወቄን። ስትደብቂ እያየሁ ዝም አልኩ። አንቺ ትነግሪኝ እንደሆነ ብዬ ጠበቅኩ።»

«እኔም ይቆጡኛል ብዬ ነው።»

«እቆጣ ነበር።»

ትንሽ ሄድን። በጠዋቱ ብርሃን ግራ ዓይናቸው ላይ ያለውን ነጭ ነገር አየሁት። ድሮ በቀኙ ላይ እንዳየሁት ነበር።

«አባዬ» አልኳቸው፣ «የግራውም ጊዜው ደርሷል።»

«የማሾ አጨዳው ይለፍ፤ ከዚያ እናያለን።»

«አይሆንም። አሁን ነው።»

ቆሙ። በቀኝ ዓይናቸው አዩኝ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ የተቆጡም መስለው ነበር።

«መቼ?»

«ሰኞ።»

«እሺ፣ ሰኞ» አሉ። ሰኞ ሄድን።